«ኮርን» ሁልጊዜ በቆሎ አይደለም

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ ሦስት ክፍል አለው። በ1815 በእንግሊዝ የወጣውን የ«ኮርን» ሕግ «የበቆሎ ሕግ» ብሎ መተርጎም ትክክል ነው ወይ? «ኮርን» እና «ሜይዝ» አንድ ከሆኑ ሁለት ስም ለምን አስፈለገ? በምግብ አሠራር መጽሐፍ ላይ «ኮርን ፍላወር» ሲባልስ የትኛው ዱቄት ነው? የግብርና ማሠልጠኛ ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመመለስና ሌሎች የመለሱትን በማረም ለብዙ ዓመታት ስለ ሠራሁ ይህ ቃል ደጋግሞ ገጥሞኛል፤ ብዙ ጊዜም ሰውን የሚያሳስተው ቀላል መስሎ ስለሚታይ መዝገበ ቃላት የሚገልጥለት ሰው በመጥፋቱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው መልስ «ትክክል አይደለም» የሚል ነው። በቀድሞው እንግሊዝኛ «ኮርን» ማለት የማንኛውም እህል ፍሬ፣ ሲሰፋም እህሉ ራሱ ነው። «ግሬይን» ከሚለው ቃል ጋር ጥንታዊ ሥራቸው አንድ ነው፤ ለፍሬ ቅንጣት የሚነገረው «ከርነል» ደግሞ «ትንሽ ኮርን» ከሚል የወጣ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ በአካባቢው ዋና ሆኖ የሚመረተውን እህል በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ በእንግሊዝ ስንዴው፣ በስኮትላንድ አጃው «ኮርን» ይባል ነበር። አማርኛችን ለዚህ የሚስማማ ቃል አለው፤ እርሱም «እህል» ነው።

እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲሻገሩ የአገሩ ተወላጆች የሚያመርቱት ዋና እህል በቆሎ ሆኖ አገኙት፤ ተወላጆቹን «ኢንዲያን» ይሏቸው ስለ ነበር እህሉንም «ኢንዲያን ኮርን» አሉት። ከጊዜ በኋላ የፊተኛው ቃል ወደቀና በአሜሪካ «ኮርን» ብቻውን በቆሎ ማለት ሆኖ ቀረ። «ሜይዝ» ግን ከካሪቢያን ደሴቶች ነዋሪዎች፣ ከታይኖዎች ቋንቋ፣ በስፓኝኛ በኩል የመጣ ስለሆነ ከበቆሎ በቀር ሌላ እህልን ጠርቶ አያውቅም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም ሆነ መቀመጫውን በሜክሲኮ ያደረገው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል በ«ሜይዝ» መጠቀማቸው አሻሚነቱን ያስቀራል። (በቆሎ በደረሰበት ሁሉ ስሙ እንግድነቱን ይናገራል፤ በአንዳንድ አካባቢያችን «የባሕር ማሽላ» ሲባል፣ ጣልያኖች «የቱርክ እህል»፣ ቱርኮች ደግሞ በግብፅ ስም «ምስር» ይሉታል።)

ወደ ሕጉ ልመለስ፤ የትርጉሙ ስሕተት ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። የ1815ቱ ሕግ በአገር ውስጥ የስንዴ ዋጋ በአንድ ኳርተር 80 ሺልንግ እስኪደርስ ድረስ የውጭ ስንዴ ለገበያ እንዳይቀርብ የከለከለ ነበር፤ ኳርተር የስምንት ቡሼል መስፈሪያ ነው። ባለ ርስቶቹን ጠቀመ፤ በከተማ ለሚኖረው ሠራተኛ ግን እንጀራውን፣ ማለትም ዳቦውን፣ አስወደደበት። በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲመታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል ከአሜሪካ በቆሎ አስገዝቶ ወደ አየርላንድ አስገባ፤ በ1846 ደግሞ ሕጉን አሰረዘ። በጊዜው ጽሑፎች ውስጥ ሕጉ የ«ኮርን» ሕግ ነው፤ የተገዛው እህል ግን «ኢንዲያን ኮርን» ነው። ሁለቱንም «በቆሎ» ብለን ብንመልሳቸው መንግሥት በቆሎን በሕግ ከልክሎ ራሱ በቆሎ የገዛ ሊመስል ነው፤ አንባቢውም የታሪኩን መላ ቅጥ ያጣል። የአየርላንድ ድሆች ያን ደረቅ፣ ለወፍጮ አስቸጋሪ የሆነ እህል አያውቁትም ነበርና ከቢጫነቱ የተነሣ «የፒል ድኝ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስለዚህ ጠያቂያችን «የእህል ሕግ» ብለው ይጻፉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል።

በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም ፈርዖን በሕልሙ ያያቸው ሰባቱ እሸቶች «የኮርን ዛላዎች» ተብለዋል፤ ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት የቀጠፉትም እንዲሁ። በፈርዖንም ሆነ በደቀ መዛሙርቱ ዘመን በቆሎ ገና ከአሜሪካ ምድር አልወጣም ነበር። ሉቃስ በእጃቸው እያሹ ይበሉ እንደ ነበር ይነግረናል፤ እንዲህ በመዳፍ ታሽቶ ገለባው እፍ የሚባልለት የስንዴና የገብስ እሸት ነው። የአማርኛው ትርጉም «እሸት» ማለቱ ምንኛ የተስማማ ነው! ሆኖም እንግሊዝኛውን ብቻ ይዘው ስብከት የሚያዘጋጁ ወጣቶች በቆሎ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ አማርኛውን አስቀድሙ።

በሥራዬ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ጊኒ ኮርን» የሚለው ስም ነው። በናይጄሪያና በሌሎችም የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ይህ ስም የሚጠራው ማሽላን ነው። አንድ ጊዜ ለእርማት በመጣልኝ ረቂቅ ውስጥ ይኸው ቃል ከዳር እስከ ዳር «በቆሎ» ተብሎ ተመልሶ ነበር። ከጽሑፉ ጎን ያለው ሥዕል ግን ሌላ ይናገራል፤ ፍሬው ከአገዳው ጫፍ ላይ ተንዠርግጎ ያለ አንዳች ሽፋን ይታያል። በቆሎ ቢሆን ኖሮ ከጫፉ ላይ የሚወጣው የወንዴው አበባ ብቻ ነው፤ ፍሬው ከአገዳው ወገብ አካባቢ፣ በቅጠሉ ብብት ውስጥ፣ በልባሱ ተሸፍኖና ጸጉሩን አንጠልጥሎ ይወጣል። ረቂቁ እንደዚያው ታትሞ ቢሆን ገበሬው ለማሽላ የተሰጠውን የዘር መጠንና የመዝሪያ ርቀት በበቆሎ ማሳው ላይ ሊሠራበት ነበር። የሰው ዓመት ሙሉ ድካም በአንድ ቃል ላይ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ጽሑፉ በየት አገርና በየትኛው ዘመን እንደ ተጻፈ ሳይታወቅ «ኮርን»ን መተርጎም አይገባም እላለሁ።

ከእርሻ ውጭ ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። «ኮርንድ ቢፍ» በቆሎ የለበትም፤ ሥጋው የሚታሽበት የጨው እንክብል ነው «ኮርን» የተባለው። የቁንዶ በርበሬ ፍሬ «ፔፐርኮርን» ነው። «ባርሊኮርን»፣ የገብስ ቅንጣት፣ የኢንች ሲሶ ሲሆን በእንግሊዝና በአሜሪካ የጫማ ቁጥር አንድ በጨመረ ቁጥር ርዝመቱ የሚጨምረው በዚሁ ልክ ነው። በእግር ጣት ላይ የሚወጣው «ኮርን» ግን ዘመዳቸው አይደለም፤ ቀንድ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሌላ ቃል ነው።

የቀረው ዱቄቱ ነው። መጽሐፉ በብሪታንያ የታተመ ከሆነ «ኮርን ፍላወር» ከበቆሎ የወጣው ነጭ ስታርች ነው፤ በጣት ሲያሹት ይንጫጫል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ መረቅ ያወፍራል። ይህንኑ አሜሪካውያን «ኮርንስታርች» ይሉታል፤ በእነርሱ ዘንድ «ኮርን ፍላወር» ማለት በቆሎው ራሱ ልሞ የተፈጨ ዱቄት ነው፤ ብዙ ጊዜም ቢጫ ነው። ጠያቂያችን የመጽሐፋቸውን የኅትመት አገር ይመልከቱ፤ የአሜሪካ ከሆነና ኬኩ የበቆሎ ዱቄት የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሱቅ «ኮርን ፍላወር» ተብሎ በትንሽ ካርቶን የሚሸጠውን ነጩን ስታርች በምትኩ አይጠቀሙበት።