የምግብ ጠረጴዛ አሠራር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለ6 ሰው የሚሆን የምግብ ጠረጴዛ ልሠራ ነው። እግሩ እንደ ድሮው የተቀረጸ፣ ላዩ ደግሞ እንደ ዘመኑ ልሙጥ። አይጋጭም?

መልስ፦ ቅርጹን አንድ ቦታ ከሰበሰብከው አይጋጭም። እግሩን ከቀረጽክ ጠርዙንና እግሮቹን የሚያያይዘውን ማሰሪያ ልሙጥ ተዋቸው። ሁሉም ቦታ ከቀረጽክ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ከፍታው 75 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 90፣ ርዝመቱ 180 ይበቃል። ማሰሪያው በጣም አይውረድ፣ ጉልበት ይመታል።

ጥያቄ፦ የላዩን ጣውላ ከማሰሪያው ጋር በኮላ ላጣብቀው?

መልስ፦ በፍጹም! እንጨት ተቆርጦም እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተፋል። አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ይህም በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 90 ሴንቲሜትር ወርድ ያለው ጣውላ ብዙ ሚሊሜትር ሊሄድ ይችላል። መሄጃ ካጣ ይሰነጠቃል።

የመጀመሪያ ጠረጴዛዬን ዙሪያውን ኮላ ቀብቼ በምስማር መታሁት። በደረቁ ወራት አንድ ሌሊት «ጧ!» አለ። ጠዋት ሳየው ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል። በእጄ እየዳሰስኩት ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ላዩን በቪቴ፣ ማለትም በሚጠመዘዘው ምስማር ብቻ ነው የማስረው። ማሰሪያው ላይ የመሀሉ ቀዳዳ ልክክ ይበል፣ የዳር ዳሮቹ ግን በወርድ በኩል ሞላላ ይሁኑ። ጣውላው ሲሄድ ቪቴው አብሮት ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ ጣውላዎቹን እርስ በርስስ?

መልስ፦ እሱ በኮላ ነው። ክራቸው፣ ማለትም የእንጨቱ መስመር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ የቱ እንጨት ጥሩ ነው?

መልስ፦ ለእግር? ለላዩ? ለይተህ ጠይቀኝ። ለማንኛውም የደረቀ ይሁን። ያልደረቀ እንጨት ከምንም ዓይነት ዛፍ ቢመጣ ያጠፋሃል።

አንድ አባል፦ እኔ የብረት እግር ነው የምመክረው። ዘመናዊም ነው፣ አይነቃነቅም።

ሌላ አባል፦ ብረት ከገባ የድሮው የቱ ላይ ቀረ? ወንዴና ሴቴ ሆኖ፣ አንዱ ጫፍ ሌላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ፣ በመሮ የተገጠመ እግር ብዙ ዘመን ይቆያል።

አንድ አባል፦ መሮ የሚይዝ እጅ ሁሉም አለው እንዴ?

መልስ፦ ክርክሩን ተዉት፣ ሁለቱም ይሆናል። በብረትም ቢሆን የቪቴው ቀዳዳ ሞላላ ይሁን!

ጥያቄ፦ ዘይት ይሻላል ቫርኒሽ?

መልስ፦ ቫርኒሽ ውሃ ይችላል፣ ሲጫር ግን ማደሱ ያስቸግራል። ዘይት ቶሎ ይታደሳል። የላዩን ጣውላ ሥሩንም ቀባው። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለህ አትጣል፣ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ጥያቄ፦ ስለቸኮልኩ ነው፣ ላዩን በኮላና በምስማር ብመታው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። ከቸኮልክ ቅርጹን ቀንስ እንጂ ሞላላውን ቀዳዳ አትዝለል። ጣውላውንም ከመቁረጥህ በፊት ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ክፍል ሁለት ሳምንት አቆየው፣ ከአየሩ ጋር ይላመድ።