13.8 ቮልቱን ወደ 5 ለምታወርዱ ልጆች

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። ዕድሜዬ ደሴ ላይ ሬዲዮና ቴፕ በመጠገን ነው ያለፈው፣ አሁን አሁን እናንተ አሮጌ 13.8 ቮልት ፓወር ሰፕላይ እያመጣችሁ ወደ 5 አውርዳችሁ ስልክ ልትቻርጁበት ስትሞክሩ አያለሁ፣ ማሻአላህ፣ በጣም ነው ደስ የሚለኝ፣ ግን ሙቀቱን የሚያሰላው ጥቂቱ ነው።

ቮልቱ ሲቀንስ ጫናውም የሚቀንስ ይመስላችኋል አይደል? ሊኒየር በሚባለው፣ ትርፉን ቮልት ትራንዚስተር ላይ እያስቀረ በሚያወርደው ፓወር ሰፕላይ ላይ ግልባጩ ነው። የተረፈው ቮልት የትም አይሄድም፣ ትራንዚስተሩ ራሱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አስሉት እስቲ፦ ትራንስፎርመሩ 18 ቮልት ቢያወጣ በ1.41 አባዙት፣ ለዳዮዶቹ 1.4 ቀንሱ፣ ካፓሲተሩ ላይ 24 ገደማ ታገኛላችሁ። 2 አምፔር ስትስቡ በ13.8 ጊዜ ትራንዚስተሩ ላይ የሚቀረው 20 ዋት ነው፣ በ5 ግን 38 ዋት። ሂትሲንኩ (ሙቀቱን የሚያስወጣው ብረት) ያው፣ ሙቀቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። 2ኤን3055 የሚባለው ትራንዚስተር እኮ 115 ዋት ይችላል ትሉኛላችሁ፣ እሱ አካሉ 25 ዲግሪ ላይ ከቆየ ነው፣ ማን ያቆየዋል?

ስለዚህ መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን ቀይሩ። 9 ቮልት የሚያወጣ ካገኛችሁ ካፓሲተሩ ላይ 11 ምናምን ይሆናል፣ ሙቀቱም ወደ 13 ዋት ይወርዳል፣ ግን ትራንስፎርመሩ 3.5 አምፔር የሚችል ይሁን፣ ከዳዮድና ካፓሲተር ጋር ሲሰራ 2 አምፔር ዲሲ ለማውጣት እሱ ከዚያ በላይ ነው የሚሸከመው። ሌላው ደግሞ 723 የሚባለው ቮልት ተቆጣጣሪ አይሲ ያለበትን ትሪመሩን (የቮልት ማስተካከያዋን) በማዞር ብቻ 5 አታደርሱትም፣ የራሱ መነሻ ቮልት 7.15 ገደማ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን በሁለት ሬዚስተር መከፋፈል አለባችሁ።

አሁን ዋናው፣ እባካችሁ ይሄን አትዝለሉብኝ። ትራንዚስተር ሲሞት ብዙ ጊዜ ሾርት ሆኖ ነው የሚሞት፣ ያን ጊዜ ካፓሲተሩ ላይ ያለው በሙሉ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ክሮባር የሚባለው፣ ቮልቱ ሲያልፍ መውጫውን ሾርት አድርጎ ፊውዙን የሚያቃጥለው የኤስሲአር መከላከያ ቢኖረው እንኳን ለ13.8 የተሰራው 15 አካባቢ ነው የሚነሳው፣ ለ5 ቮልት ዕቃ ምንም አይጠቅምም፣ ወደ 6 አካባቢ አውርዱት፣ ፊውዝም ከፊቱ ይኑር።

ስትከፍቱት ሶኬቱን ንቀሉ፣ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ፊውዙ ላይ 220 አለ። ካፓሲተሩን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አራግፉና በቴስተር ለኩ። ሳጥኑ ቀላል ሆኖ ትልቅ ትራንስፎርመር ከሌለው ግን ስዊቺንግ ነው፣ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፣ ገና ጀማሪ ከሆናችሁ እሱን አትንኩት። የመሬት ገመዱ ከብረት ሳጥኑ ጋር መያያዙን እዩ፣ የ3055ቱ አካል ራሱ ኮሌክተሩ፣ ማለት ቮልት ያለበት እግሩ ስለሆነ፣ ከሂትሲንኩ የምትለየውን ስስ ሚካ ሳትረሱ መልሱ።

መጀመሪያ ስታበሩት ከ220ው ጋር የድሮውን የሚግለውን 60 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገቡ፣ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው፣ ደምቆ ከቀረ ቶሎ ንቀሉት፣ አንድ ቦታ ሾርት አለ። ከዚያ አምፖሉን አውጡና ስልክ ሳይሆን የመኪና መብራት ጭናችሁበት አንድ ሰዓት ይቆይ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ሙከራ በቀትር ሙቀት ስሩት፣ ደሴ ብርድ ላይ የቻለ ሂትሲንክ እዚያ ላይበቃ ይችላል፣ ካልበቃ ትልቅ ቀይሩ ወይ ፋን ጨምሩበት።