ዛፉ ከየት ጀምሮ ነው የደረቀው? የጅማ ዙሪያ የዛፍ ተባይና በሽታ ጥያቄና መልስ

ስትጠይቁ ድርቀቱ ከጫፍ፣ ከውስጥ፣ ከሥር ወይስ በአንድ ጎን እንደጀመረ አብራችሁ ጻፉ። «ዛፌ ደረቀ» ብቻ ከሆነ እኔም መልሼ መጠየቄ አይቀርም።

ከቀርሳ፦ የግቢያችን የፈረንጅ ጽድ አጥር ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀላ ነው። ውኃ አጥቶ ነው?

መልስ፦ ከውስጥ ከጀመረ ክሽክሽ (የዛፍ ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ጠርጥሩ። የጽድ ክሽክሽ ቡናማ ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ በመንጋ ስለሚጣበቅ ቅርፊት ይመስላል። ነጭ ጨርቅ ከሥር ዘርግታችሁ ቅርንጫፉን ሁለት ሦስቴ በዱላ መታ መታ አድርጉት። እግር ያለው ነገር ከወደቀ እሱ ነው። ጉንዳን ግንዱ ላይ ከተመላለሰና ቅጠሉ ጥቀርሻ የተቀባ ከመሰለም ያው ነው፤ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ጉንዳን ይልሰዋል፣ ጥቁር ሻጋታም ይበቅልበታል። ከውጭ የገባ ተባይ ነው፤ ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኬንያ በ1990 ታይቷል። ምራቁ ቅርንጫፉን ስለሚመርዝ ተባዩ ከጠፋ በኋላም ድርቀቱ ጥቂት ይቀጥላል።

ለአጥርና ለችግኝ በ1 ሊትር ውኃ 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ውስጥ ውስጡን እርጩ፤ በሳምንቱ ድገሙት። መጀመሪያ ሁለት ቅርንጫፍ ላይ ሞክራችሁ ሁለት ቀን ጠብቁ። ለረጅም ዛፍ ግን የጀርባ መርጫ ይዞ መድከም ትርፍ የለውም፤ ከግማሽ በላይ የደረቀውን ቁረጡ፣ የቀረውን አሳሱ። የሐበሻ ጽድንም ስለሚያጠቃ ሁለቱን አጠጋግታችሁ አትትከሉ።

ከሰቃ ጮቆርሳ፦ የቀይ ባሕር ዛፍ ችግኞቼ ቅጠል አንገቱ ላይ እባጭ አወጡ። የትኛው ኬሚካል ይሻላል?

መልስ፦ የትኛውም አይረዳህም። እባጩን የምታመጣው ከአውስትራሊያ የመጣች፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ተርብ መሳይ ነፍሳት ናት። እንቁላሏን ለጋው ቅጠል አንገት ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ትል እዚያው ውስጥ ስለሚያድግ ርጭቱ አይደርሰውም። እባጩን በምላጭ ሰንጥቀህ ብታየው ነጭ ትል ታገኛለህ። ላዩ በመርፌ የተወጋ ከመሰለ ግን ወጥታ ሄዳለች ማለት ነው። ቀዳዳ ሳያወጣ የተጠቃውን ጫፍ ቀንጥበህ አቃጥል። እባጭ ያለበት ችግኝ ከግቢህ አይውጣ፤ በየወረዳው የምትዛመተው በመኪና በተጫነ ችግኝ ነው።

ከማና፦ ጥላ ሥር ያለ አንድ ቡናዬ ባንድ ጎኑ ብቻ ጠወለገ። ሌላው፣ አምና የተቆረጠ ብርብራ ጉቶ አጠገብ ያለው፣ ሁለንተናው ቢጫ ሆኖ ደረቀ። በሽታው አንድ ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። ለመለየት ቢላዋ ይበቃዎታል። የመጀመሪያውን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ቅርፊቱን በስሱ ይላጡት። እንጨቱ ላይ ሰማያዊ፣ ወደ ጥቁር ያደላ መስመር ከታየ የቡና አድርቅ ነው። ፈንገሱ ውኃ የሚወጣበትን መንገድ ስለሚደፍን ነው አንዱ ጎን ቀድሞ የሚጠወልገው። የሚገባው በቁስል ነው፤ ቁስሉን የሚያደርሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአረም ገጀራና ዶማ ነው። ስለዚህ ግንዱ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በእጅ ይታረም። የታመመውን ነቅለው እዚያው ጉድጓዱ ላይ ያቃጥሉት። ለማገዶ ብለው በማሳው መሃል ከጎተቱት በሽታውን ዘሩት ማለት ነው። ገጀራውን በእሳት ለብለብ ሳያደርጉ ወደሚቀጥለው ግንድ አይሂዱ። ቦታው ላይ ቡና ለመተካት ቢያንስ 6 ወር ይቆዩ።

ሁለተኛውን ከሥሩ ላይ ይላጡት። ከቅርፊቱ ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ ነጭ ሽፋን ካለና እንጉዳይ እንጉዳይ ከሸተተ አርሚላሪያ የሚባለው ሥር አበስባሽ ፈንገስ ነው። የሚኖረው በተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ላይ ነው፤ ከዚያ በሥር ለሥር ንክኪ ወደ ቡናው ይሻገራል። ጉቶው ከነሥሩ ካልወጣ የሚተኩት ቡናም ይሞታል።

ከማና (የቀጠለ)፦ ያረጀ የሰሳ ጥላ ዛፍም ልቆርጥ ነበር። ልተወው?

መልስ፦ ይቁረጡት፤ ግን ዛሬ አይደለም። ዙሪያውን ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቅርፊቱን ልጠው አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት፣ ቆሞ ይድረቅ። ከቅጠል የሚወርደው ምግብ ስለሚቋረጥ ሥሩ ያከማቸውን ይጨርሳል፤ ፈንገሱም የሚበላው ያጣል። እስከዚያ የሚተካውን ጥላ ይትከሉ።

ከአጋሮ፦ የግራቪሊያ ችግኝ በበቀለ በሳምንቱ አንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል። ማዳበሪያ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ ማዳበሪያ ጨምረሽ እንዳትጨርሺው! ይህ የአፈር ፈንገስ ነው፤ የሚጋብዘው ጥቅጥቅ ያለ ዘር፣ የማታ ውኃና ከባድ ዳስ ነው። የወደቁትን፣ ዙሪያቸውንም አንድ ስንዝር ከነአፈሩ አንሺ። ጠዋት ብቻ አጠጪ፣ ዳሱንም አሳሺው። ለሚቀጥለው ዓመት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ፀሐይ የመደቡን አፈር አርሰሽ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ጠርዙን በአፈር ደፍነሽ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሸፍኚው። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ታች አይወርድም።

ከጅማ ከተማ፦ ዋንዛው ላይ ተቀጽላ በዛ። ተቀጽላውን ብቻ ብገነጥለው?

መልስ፦ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ቅርንጫፉ ውስጥ ነው። ከተጣበቀበት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ግንዱ ዝቅ ብለህ ቅርንጫፉን ቁረጥ፣ ወፍ ፍሬውን ሳይበትነው።

ከሊሙ፦ ምስጥ አዲስ የተተከለውን ባሕር ዛፍ ጨረሰው። አመድ ይረዳል?

መልስ፦ አንድ ዝናብ እስኪያጥበው። ምስጥ የሚቀድመው የተጎሳቆለውን ችግኝ ነው፤ ክረምቱ ሲገባ የተተከለና ሥር የያዘ ይሻላል። ለጉዝጓዝ ያለበሱትን ደረቅ ሣር ከግንዱ አንድ ስንዝር ያርቁት፣ ያለዚያ ምግቡን ደጁ አቀረቡለት ማለት ነው። ኩይሳውን አናቱን ብቻ ማፍረስ ድካም ነው፤ ንግሥቲቱ እስክትገኝ ድረስ ይቆፈር።

ከጌራ፦ የቆረጥኩት አጠና ነቀዘ።

መልስ፦ የነቀዘውን ለማገዶ አውለው። ቀጣዩን በቆረጥክበት ቀን ቅርፊቱን ላጥ፤ ብዙዎቹ ቦርቧሪ ጥንዚዛዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ቅርፊቱ ላይና ሥር ነው። ከመሬት አንሥተህ በአግዳሚ ላይ፣ ነፋስ በመሃሉ እንዲያልፍ አድርገህ ደርድረው።