የምታውቂው ጠፍቶ አይደለም

መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ቤት ቁጭ ብለሽ ስትሠሪ ከ20 ጥያቄ 17ም 18ም ታገኛለሽ። የሙከራ ፈተና ላይ ግን ወረቀቱ ሲታደል እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ልብሽ ድው ድው ይላል፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ አራት ጊዜ አንብበሽው ምን እንደሚል አይገባሽም። የመግቢያ ፈተናው 5 ሳምንት ቀርቶታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ ለእኔ አይሆንም ይሆን?» ብለሽኛል።

ከመጨረሻው ልጀምር። በፍጹም እንደዚያ አይደለም። ቤቱ 18 የሚያገኝ ሰው ትምህርቱን ይዞታል። ያስቸገረሽ ያወቅሽውን እዚያ ወንበር ላይ፣ ሰዓት እየሄደብሽ ማውጣት ነው፤ እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ልምምድ ይፈልጋል፣ ማንም አስተምሮሽ አያውቅም።

እዚያች ደቂቃ ላይ ምን እንደሚፈጠር ልንገርሽ። አእምሯችን አሁን የምንሠራበትን ነገር ለትንሽ ጊዜ የሚይዝበት ቦታ አለው፣ «የሥራ ትውስታ» ይሉታል። በቃልሽ ስትደምሪ «አንድ በእጄ» ያልሻት ቁጥር የምትቆየው እዚያ ነው። ቦታው ጠባብ ነው። ስጋት ሲመጣ እሱም እዚያው ገብቶ ይቀመጣል። ብወድቅስ፣ እናቴን ምን እላታለሁ፣ አጠገቤ ያለው ልጅ ገጽ ገለጠ እኔ ገና አንደኛው ላይ ነኝ፣ ይሄ ሁሉ ከጥያቄው ጋር ቦታ ይሻማል። ከአዳራሹ ወጥተሽ ገና በሩን ሳታልፊ መልሱ ድንገት ትዝ የሚልሽ ለዚህ ነው። የትም አልሄደም ነበር፣ መቀመጫ ነው ያጣው።

ሊበርት እና ሞሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1967 (እ.ኤ.አ.) የፈተና ጭንቀትን ለሁለት ከፍለውት ነበር። አንዱ የሰውነት ነው፣ ላቡና የልብ ምቱ። ሌላው የሐሳብ ነው፣ «አለቀልኝ» የሚለው። ውጤት ላይ ይበልጥ የሚከብደው የሐሳቡ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ልቤን ካላረጋጋሁ አልሠራም ብለሽ ከራስሽ ጋር አትታገዪ። ልብሽ እየመታም ሒሳብ ይሠራል።

አሁን አንድ ነገር በሐቀኝነት መልሺልኝ። ቤት 18 ስታገኚ ደብተሩ ተከፍቶ ነው? መልሱን አየት አድርገሽ «አዎ ይሄንማ አውቀዋለሁ» ትያለሽ? አብዛኛው ተማሪ እንደዚያ ነው የሚያጠናው፣ አንብቦ፣ አስምሮ፣ ደግሞ አንብቦ። ሲያነቡት የሚያውቁት ይመስላል፤ ግን አይቶ ማወቅና ከባዶ ወረቀት ላይ ማውጣት በጣም ይለያያሉ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ባለው ቱፍትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው። ግማሾቹ ደጋግመው አነበቡ፣ ግማሾቹ ዘግተው ከራሳቸው ለማውጣት ሞከሩ። በማግስቱ ሆን ተብሎ አስጨነቋቸው። ደጋግመው ያነበቡት በጭንቀቱ የሚያስታውሱት ቀነሰ፣ ዘግተው የተለማመዱት ግን ጭንቀቱ አልነካቸውም። እስቲ አስቢው፣ የጥናት ዘዴው ራሱ ለጭንቀቱ መከላከያ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ዘግተሽ ነው የምታጠኚው። አንድ ርዕስ አንብቢ፣ ክደኚው፣ ያስታወስሽውን በባዶ ወረቀት ጻፊ፣ ከዚያ ክፈቺና የጎደለውን እዪ። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ ምንም የማታውቂ ይመስልሻል፤ እንዳትተይው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደግሞ ያለፈ ዓመት ፈተና ሙሉውን፣ እውነተኛው ፈተና በሚጀምርበት ሰዓት፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ ሰዓት ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ ሥሪ። ከተቻለ አንድ ሰው ከኋላሽ እንደ ፈታኝ ወዲያ ወዲህ ይበል። ትንቀጠቀጫለሽ። ይንቀጥቀጥ፣ የምንፈልገው እሱን ነው፤ አምስተኛው ስድስተኛው ላይ ሰውነትሽ ነገሩን ይለምደዋል።

ለፈተናው ቀን ሁለት ነገር ያዢ። ከመግባትሽ በፊት 10 ደቂቃ ካለሽ፣ የሚያስፈራሽን ሁሉ ሳታሳምሪ ወረቀት ላይ ዘርግፊው። ራሚሬዝ እና ቤይሎክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ይህን ካደረጉት ይበልጥ የተጠቀሙት እንዳንቺ ፈተና የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች ነበሩ። በር ላይ ቆመው እርስ በርስ ከሚጠያየቁት ግን ራቂ፣ እዚያ የምታገኚው ድንጋጤ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ወረቀቱ ተገልጦ ባዶ ከሆንሽ እስክሪብቶውን አስቀምጪ። እግርሽ መሬት ይርገጥ። አየሩን ስታስወጪ ከምታስገቢው ረዘም አድርጊው፣ ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ አንደኛው ጥያቄ ላይ አትመለሺ፤ ገጹን ቃኝተሽ የምታውቂውን አንድ ፈልገሽ ሥሪ። አንድ ሲሠራ ሌላው ይከተላል። ስትዘሊ ግን የመልስ መስጫው ላይ ቁጥሩን እዪ፣ 7ን ዘለሽ የ8ን መልስ 7 ላይ ካጠቆርሽ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል፤ ጎበዝ ልጆች በዚህች ሲጎዱ አይቻለሁ።

እንቅልፍ ላይ አልከራከርሽም፣ የመጨረሻውን ሌሊት ተኚ። ያጠናሽው የሚረጋው ተኝተሽ ነው።

ጭንቀቱ ፈተና ላይ ብቻ ካልሆነ ግን፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም መኖር እስከሚያስጠላሽ ከደረሰ፣ የፈተናውን ቀን አትጠብቂ። ለቤተሰብሽ ዛሬውኑ ንገሪና ባለሙያ ጋ ሂጂ። እሱ በጥናት ዘዴ የሚፈታ አይደለም።

የትኛውን ዘርፍ ልምረጥ ላልሽው፣ አሁን አልመልስልሽም። በተንቀጠቀጠ እጅ የሚመረጥ ነገር አይደለም፣ ከፈተናው በኋላ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ለአሁኑ የመጀመሪያውን ሙሉ ፈተና ቅዳሜ ሥሪና ጻፊልኝ። ውጤቱን አይደለም የምፈልገው። እጅሽ መንቀጥቀጥ የጀመረው ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነና ስንተኛው ላይ እንዳቆመ ንገሪኝ።