ወንድሜ በሶማሊያ በኩል ሊያልፍ ነው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው የምጽፍልዎ። ታናሽ ወንድሜ የመርከብ ኢንጂነር ነው። ባለፈው ሳምንት ደውሎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ልናልፍ ነው አለን። እማዬ ከዚያ ወዲህ ስልኳን ትራሷ ስር አድርጋ ነው የምታድረው። የባህር ወንበዴዎች ቢይዟቸው ምን ቢያደርግ ይተርፋል? እኛስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭንቀታችሁ ይገባኛል። እኔም ሞተር ክፍል ስሠራ በዚያ ባህር ተመላልሻለሁ፤ እናቴ እንዴት ታድር እንደነበር የሰማሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ለእማዬ ይህን ንገሪያት። ወንበዴዎቹ የሚፈልጉት ገንዘብ ነው፤ የሚደራደሩት ደግሞ በሠራተኛው ሕይወት ስለሆነ በሕይወት እንዲቆይ ይፈልጋሉ።

ብዙ መርከቦች ከውስጥ የሚቆለፍ መሸሸጊያ አላቸው። ውሃ፣ ምግብና ሬዲዮ ይቀመጥበታል። አንድ ሌሊት ደወሉ ሲጮህ ወርደን ገባን። በዚያ ሙቀትና የናፍጣ ሽታ መሃል ካፒቴኑ ሲቆጥረን አንድ ሰው ጎደለ። ወጥ ቤቱ! ትንሽ ቆይቶ ዳቦ በፌስታል ይዞ ከተፍ አለ። ማንም አልተቆጣውም፣ የካፒቴኑ እጅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ ውጭ ከቀረ እሱ መያዣ ይሆናል፣ ባህር ኃይልም ሰብሮ ለመግባት ይቸገራል። ሲነጋ የወንበዴዎቹ ጀልባዎች አልነበሩም። ስለዚህ ወንድምሽ ደወሉን ሲሰማ ሁሉን ጥሎ ይሩጥ።

ከተያዘ ግን አይታገል፣ መሣሪያ ለመንጠቅ አይሞክር፣ የታዘዘውን ይፈጽም። ኮማንዶ ከመጣ መሬት ላይ ይተኛ፤ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ያድርግ፣ ባዶ መሆኑም ይታይ። በዚያ ጩኸት መሃል ወታደሩ ማን ሠራተኛ ማን ወንበዴ እንደሆነ አያውቅም። በፈረንጆች መጋቢት 2024 የህንድ ባህር ኃይል የ«ሩየን» መርከብን 17 ሠራተኞች ያስለቀቀው ከተጠለፉ ከሦስት ወር በኋላ ነው። «አይስበርግ 1» ላይ የነበሩት ደግሞ ከመጋቢት 2010 እስከ ታኅሣሥ 2012 ቆዩ፤ በሕይወት የወጡት 22 ናቸው። ያን ሁሉ ቀን ለመቻል መብላት፣ መተኛት፣ ከጓደኛ ጋር ማውራት ያስፈልጋል።

ለእናንተ የሚከብደው ስልኩ ነው። ወንበዴዎቹ ቤተሰብ ጋር ይደውላሉ፣ አንዳንዴም ልጁን አስለቅሰው ያናግሩታል፣ የመርከቡን ድርጅት እንድታስጨንቁላቸው። ብር አትላኩ፣ ቃልም አትግቡ፣ ፌስቡክ ላይ ምንም አትለጥፉ። የተባለውን ጽፋችሁ ወዲያው ለድርጅቱ ንገሩ። ወንድምሽ ሲደውል የድርጅቱን የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር ተቀበዪውና በትልቁ ጽፈሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊላት።