ፕሮፕራኖሎል ለታዘዘልሽ እህቴ፦ እኔ የከፈልኩትን አንቺ አትክፈዪ

ጥያቄሽን አየሁት። ማይግሬን አለብኝ፣ ሐኪም ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ በየቀኑ ዋጪ አለኝ፣ ራሴን ባላመመኝ ቀን ለምን እውጣለሁ፣ ሲሻለኝ አቁሜ ሲያመኝ ብጀምርስ፣ ጾሙስ እንዴት ይሆናል ነው ያልሽው። ከሥር የመለሱልሽን ሳነብ ደሜ ፈላ። አንዱ «የልብ መድኃኒት ነው፣ ጣይው» ይላል። አንዷ ደግሞ «እኔ ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው» ትላለች። ኧረ ተው!

እኔ ይኼን ኪኒን ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን «ሲሻለኝ ባቆምስ» ያልሽውን አድርጌው አይቻለሁ። ሌላውን ባታነቢ እሱን አንብቢ።

ማይግሬን ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ራስሽን በሻሽ ጥፍር አድርገሽ አስረሽ፣ መጋረጃ ዘግተሽ፣ የጎረቤት እጣን እያቅለሸለሸሽ የተኛሽ ሰው ነሽ። ታውቂዋለሽ።

1. ይኼ ማስታገሻ አይደለም። ራስሽን ሲፈልጥሽ ብትውጪው ምንም አይፈይድልሽም። ሥራው ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይመጣ፣ ሲመጣም እንዲለዝብ ማድረግ ነው። ለዚያ ደግሞ በየቀኑ መወሰድ አለበት። ቶሎም አይሠራም። እኔ በሦስተኛው ሳምንት አልሠራልኝም ብዬ ልጥለው ስል ሐኪሜ «ቢያንስ ሁለት ወር ታገሺው፣ ያመመሽን ቀንና የዋጥሽውን የምትጽፊበት ደብተርም ያዢ» አለችኝ። ያዝኩ። ከመጀመሬ በፊት በወር 11 ቀን ያመኝ ነበር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ 5 ቀን ሆነ። በግማሽ ከቀነሰ ሠርቷል ነው የሚባለው፣ ጨርሶ ይጠፋል ብለሽ አትጠብቂ።

ደብተሩ ግን ሌላም ጉድ አወጣብኝ። አክስቴ ከአሜሪካ የምትልክልኝ ኤክሴድሪን የሚባል ማስታገሻ አለ፣ ያ ትልቁ ብልቃጥ። ቤታችን ውስጥ እንደ ወርቅ ነው የሚቀመጠው። ውስጡ ፓራሲታሞል፣ አስፕሪንና ካፌይን አንድ ላይ ነው ያለው። ስቆጥረው በሳምንት አራት ቀን እውጥ ነበር! ለካ እንዲህ ዓይነቱን ቅልቅል በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የወሰደ ሰው፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ይወልድበታል። ተራ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ሲሆን ድንበሩ 15 ቀን ነው። አንቺም እንደኔ ከቦርሳሽ ማስታገሻ እንደማታጪ እርግጠኛ ነኝ። ቁጠሪው። መከላከያውን እየዋጥሽ ማስታገሻውንም እንደ ልብሽ ከሆነ ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

2. አስም ካለብሽ፣ በልጅነትሽም ቢሆን ከነበረብሽ፣ መጀመሪያ ተናገሪ። ፕሮፕራኖሎል የአየር ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል። ስኳር ካለብሽም ተናገሪ፣ ስኳር ሲወርድ ልብ ድው ድው ብሎ የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ ይደብቃል። የመጀመሪያው ሐኪሜ አንዱንም አልጠየቀኝም። ቀና ብሎም አላየኝም። ሁለተኛዋ ግን ግፊቴን ለካች፣ የልብ ምቴን ቆጠረች፣ ደረቴን አዳመጠች፣ የምውጠውን ሁሉ አስዘረዘረችኝ። ልዩነቱን ያኔ ነው ያወቅኩት።

በዚሁ ላይ፣ ለማንም እንዳታካፍዪ። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ አንድ ቀን ራሷን ይዛ «እስቲ ከዚያች ኪኒንሽ አንዷን» አለችኝ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቷል። ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን ሰማያዊ የአስም መንፊያ ሳይ እጄ ደርቆ ቀረ። አስም እንዳለባት አውቃለሁ እኮ! ያኔ ግን አልመጣልኝም። እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

3. አታቁሚ። ማለቴ በራስሽ ጊዜ፣ ድንገት፣ አታቁሚ።

ከጀመርኩ ዘጠነኛው ወር ላይ ነበርኩ። በወር አንዴ ቢያመኝ ነው። እናቴ በመጣች ቁጥር «ዕድሜ ልክሽን ኪኒን ልትቅሚ ነው?» ትለኛለች። ሐሙስ ጠዋት የመጨረሻዋን ዋጥኩና ማዘዣ ላስጽፍ ሄድኩ። የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ካርድ ክፍል ተሰልፌ 4 ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ሴትዮዋ ስልክ እያወራች ነው። ስሜን ነገርኳት። ሳታየኝ «ካርድሽ የለም» አለች። ባለፈው ወር እኮ እዚሁ ታክሜ፣ አንቺው ነሽ ያወጣሽልኝ ብላት «የለም አልኩሽ! አዲስ ይውጣልኝ ካልሽ ነገ ነይ» ብላ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራች። ሦስት ሰዓት ቆሜ! እንደ ለማኝ ነው የተሰማኝ። ነገ ደግሞ ሥራ አለኝ፣ የወር መዝጊያ ነው። ሰፈር ያለው ፋርማሲ ያለ ማዘዣ አልሰጥም አለኝ። እሱን አልወቅሰውም፣ ልክ ነው። በንዴት ቤቴ ገባሁና «ይቅር በቃ፣ ድኜ የለ!» አልኩ።

ዓርብ ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ኮራሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደረጃ ስወጣ ልቤ ደረቴን ጥሶ ሊወጣ ደረሰ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ድካም ነው ብዬ ተኛሁ። እሑድ ሌሊት ግን ዓመት ሙሉ ያላየሁት ዓይነት ፍልጠት መጣ። ማስመለሱ አላቆም አለ። ባለቤቴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ታክሲ ጠርቶ ድንገተኛ ክፍል ወሰደኝ። የልብ ምቴ 134 ነበር። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) አነሱኝ፣ ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። ተረኛው ሐኪም ገና ልጅ ነው።

«የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«ነበር።»

«መቼ አቆምሽ?»

«ሐሙስ።»

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በደንብ አስረዳኝ፣ እግዜር ይስጠው። መድኃኒቱ አድሬናሊን ልብን የሚያንኳኳበትን በር ዘግቶ ይይዛል። ሰውነት ደግሞ በሩ ሲዘጋበት ሌላ በር ያበጃል። በድንገት ስታቆሚ የድሮውም የአዲሱም በር አንዴ ወለል ይላል፣ ልብ ትበረግጋለች። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ቢሆን ከዚህ የባሰ ይመጣበት ነበር አለኝ። ያቺ ሌሊት ወደ 8 ሺህ ብር ፈጀች። ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ፣ የወር መዝጊያውን ሌላ ሰው ዘጋው፣ አለቃዬ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል። ሁሉም ለአንዲት ብልቃጥ ኪኒን!

እና ሲሻልሽ ልታቆሚ ትችያለሽ፣ ዕድሜ ልክ የሚባል ነገር የለም። ከስድስት ወር ከአንድ ዓመት በኋላ ለመቀነስ የሚሞክሩ ብዙ ናቸው። ግን ሐኪም ነው የሚያወርድሽ፣ በሳምንታት፣ እንደ ደረጃ አንድ አንድ እየተባለ።

4. አሁን እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ብልቃጡ ውስጥ የሁለት ሳምንት ሲቀር ፋርማሲ እሄዳለሁ፣ ሲያልቅ አይደለም። ማዘዣዬ ስልኬ ላይ ፎቶ አለው። የአምስት ቀን የሚሆን ቦርሳዬ ውስጥ ለብቻው አለ፣ ክፍለ ሀገር ለቅሶ ቢጠራኝ እንኳ አልቸገርም። ከሰፈራችን የግል ፋርማሲ ይልቅ ከነማ በሚባለው የመንግሥት ፋርማሲ ውስጥ በርካሽ ያገኘሁበት ጊዜም አለ፣ ጠይቂ። ስትገዢ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። አንዴ ባለ 40ው አልቆ ባለ 10 ሰጡኝ። አራት አራት መዋጥ ነበረብኝ። ሳላነብ አንድ አንድ ብውጥ ኖሮ ያው የሐሙሱ ታሪክ ነው። ተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። አንድ ጊዜ ከረሳሽና የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ የረሳሽውን ተዪው፣ ደርበሽ እንዳትውጪ።

ጾሙን ረስቼው። እኔ በመጀመሪያው ሁዳዴ የጠዋቷን ወደ 9 ሰዓት ገፍቼ የማታዋን 1 ሰዓት እውጥ ነበር። ሁለቱ ተጠጋጉና ማታ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዞረብኝ፣ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ደግሞ ይኼ መድኃኒት ረጅም ሰዓት ባዶ ሆድ ሲያገኝ ስኳር ሊያወርድ ይችላል፣ ረሃቡ ራሱም ማይግሬን ይቀሰቅሳል። የንስሐ አባቴን ባማክራቸው «ልጄ፣ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ» አሉኝ። በቃ፣ ጠዋት እበላለሁ፣ እውጣለሁ። ጸበልም እጠጣለሁ፣ አንዱ ሌላውን አያስጥልም። ሙስሊም ከሆንሽ ለሱሁርና ለኢፍጧር እንዲያስተካክልልሽ ረመዳን ሳይገባ ሐኪምሽን አማክሪ።

«የልብ መድኃኒት ነው» ላለሽ ሰውዬ፦ አዎ፣ ለልብ ነው የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለልባቸው ሲወስዱት የነበሩ ሰዎች ራስ ምታታቸው ሲቀንስ ታየ፣ ከዚያ ለማይግሬን ዋለ። ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፋርማሲ ውስጥ «ልብሽን ያምሻል እንዴ?» ቢሉሽ አትደንግጪ። አሚትሪፕቲሊን ቢያዙልሽም እንዲሁ «የድብርት መድኃኒት» ይሉሻል። ለማይግሬን ማታ ማታ በትንሹ ይሰጣል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ አፍ ያደርቃል።

የምትፈሪው ከሆነ ይኼን ፍሪ፦ ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለሽ ወይም የወሊድ መከላከያ የማትወስጂ ከሆነ፣ ቫልፕሮኤት ወይም ቶፒራሜት ቢታዘዝልሽ ከመዋጥሽ በፊት ለሐኪሙ ተናገሪ። ሁለቱም ጽንስ ይጎዳሉ፣ ቫልፕሮኤት በተለይ። የጓደኛዬ እህት ላይ ማንም ሳይጠይቃት ጽፎላት ነበር። ፋርማሲስቷ ናት «አግብተሻል?» ብላ ጠይቃ የመለሰቻት። ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭታ የሚታይሽ ከሆነም፣ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ዓይነቱን ንገሪያቸው። ኤስትሮጅን ያለበት እንዲህ ላለ ሰው የስትሮክ አደጋውን ይጨምራል።

ሲጀምርሽ እጅሽ ሊቀዘቅዝ፣ ደረጃ ሊያደክምሽ ይችላል። እኔ የመጀመሪያው ወር ሕልሜ ሁሉ ፊልም ሆኖብኝ ነበር። ያልፋል። ትንፋሽሽ ሲር ሲር ካለ፣ ራስሽን ከሳትሽ፣ የልብ ምትሽ ከ50 በታች ከወረደ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም ደውዪ። እንደ መብረቅ ድንገት የመታሽ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና አንገት መገተር፣ አንድ ጎን መስነፍ፣ የአፍ መተሳሰር ካለ ማይግሬን ነው ብለሽ አትተኚ፣ ሂጂ።

እኔ አሁን በወር ሁለት ቀን ነው የሚያመኝ። መቀነስ ልንጀምር ነው፣ የፊታችን ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ካርዴን አግኝተውታል፣ ለካ በባለቤቴ ስም ነበር የተቀመጠው። ቁጥሩን ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ አንቺም ጻፊው። ያቺ ሴትዮ መስኮቱ ላይ ካለች ስመለስ እነግርሻለሁ።