«ኢንዳይትድ» ተባለ ማለት ተፈረደበት ማለት ነው?

በዚህ ሳምንት የመጡልኝ ጥያቄዎች በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ዙሪያ ናቸው፦ ኢንዳይትመንት።

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «ኢንዳይትድ» የተባለ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው?

መልስ፦ በፍጹም! ክስ ተመሠረተበት ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ኢንዳይትመንት በከባድ ወንጀል በጽሑፍ የሚቀርብ መደበኛ ክስ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን ከ16 እስከ 23 ሰዎች ለሚቀመጡበት ግራንድ ጁሪ (ክስ ይመሥረት ወይስ አይመሥረት የሚለውን ለሚወስን የዜጎች ጉባኤ) ያቀርባል። ቢያንስ 12ቱ «ለክስ የሚያበቃ ምክንያት አለ» ካሉ ክሱ ይመሠረታል። ልብ በሉ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ዳኛ አይሰየምም፣ የተጠርጣሪው ጠበቃም አይገባም። የሚሰማው የዐቃቤ ሕግ ወገን ነው። ይህን «ተፈረደበት» ብሎ መተርጎም ገና ያልተከራከረን ሰው ስም ማጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ትርጉም ባየሁ ቁጥር ያመኛል። ሰውየው በኋላ ነጻ ቢወጣ፣ የመጀመሪያውን ዜና ያነበበው ሁሉ ማስተካከያውን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ ሲጻፍ መሃሉ ላይ «ሲ» አለች። ለምን «ኢንዲክትመንት» አንልም?

መልስ፦ አትነበብም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ሲወሰድ አልነበረችም። የላቲን ሥሩን ለማሳየት ኋላ ላይ ተጨመረች፤ አነባበቡ ግን እንዳለ ቀረ።

ጥያቄ፦ ከአሌጌሽን በምን ይለያል?

መልስ፦ አሌጌሽን ማንም ሊያነሳው የሚችል፣ ገና ያልተረጋገጠ ውንጀላ ነው። ኢንዳይትመንት ሕጋዊ ሥርዓት ተከትሎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ኢምፒችመንትስ? ከሥልጣን መባረር አይደል?

መልስ፦ ይሄም ያው ስህተት ነው። ኢምፒችመንት በባለሥልጣን ላይ የሚቀርብ ክስ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቢል ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1998 በተወካዮች ምክር ቤት ኢምፒች ተደረጉ፤ በ1999 ሴኔቱ በነጻ አሰናበታቸው፤ የሥልጣን ዘመናቸውንም ጨረሱ። ከሥልጣን ለማንሳት ከሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ «ኢንዳይትድ ዊዝ» ይባላል?

መልስ፦ ወንጀሉን ስትጠቅሱ «ፎር» ወይም «ኦን» በሉ። «ዊዝ» የቻርጅድ፣ «ኦፍ» የአኪውዝድ ናት። «ኢንዳይትመንት ኦፍ» ካያችሁ ግን ፍርድ ቤት ላይኖር ይችላል። ጸሐፊው የአንድን አሠራር ውድቀት ማሳየቱ ነው። ለምሳሌ የተነቀፈው አስተዳደር ከሆነ «የአስተዳደሩን ድክመት ያጋልጣል» ብላችሁ ተርጉሙት።